«ቤት» እና «ቤቱ»፦ የእንግሊዝኛና የሮማንኛ የቃላት ዝርዝር ለቋንቋ ተማሪ

የሮማኒያን ቋንቋ በእንግሊዝኛ በኩል የሚማር ሰው በመጀመሪያ የሚይዘው ባለሁለት ዓምድ የቃላት ዝርዝር ነው፤ በስተግራ እንግሊዝኛው፣ በስተቀኝ ሮማንኛው። ዝርዝሩ ለውኃና ለዳቦ ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከቤት ነው።

በሮማንኛ «ቤት» ካሰ፣ «ቤቱ» ደግሞ ካሳ ይባላል። እንግሊዝኛ ከስሙ በፊት ለብቻው የሚያቆመውን የእምርነት አመልካች፣ ሮማንኛ እንደ አማርኛ በስሙ መጨረሻ ይቀጥለዋል፦ ኦም ሰው፣ ኦሙል ሰውየው። ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ የላቲን ልጆች ሆነው ሳለ ይህን አያደርጉም። ካሰንና ካሳን የምትለያቸው የመጨረሻዋ አናባቢ ብቻ ናት፤ በላቲን ፊደል ልዩነቱን የምትሸከመውም በፊደሉ አናት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ምልክት ናት። ምልክቷን ያስቀረ ዝርዝር ሁለቱን ቃላት አንድ ያደርጋቸዋል። የግዕዝ ፊደል ግን «ሰ» እና «ሳ» ብሎ ያለ ድካም ይለያቸዋል (ካሳ የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ሌላ ነገር ማስታወሱ ባይቀርም)። ዳቦ ማለት በሆነው ፕይኔ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው አናባቢም የአማርኛው ሳድስ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ድምፅ ራሱን የቻለ ፊደል ስለሌለው፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተዘጋጀ የአነባበብ መመሪያ እዚህ ላይ ያነክሳል።

በመልክ የሚያሳስቱ ቃላትም አሉ። ሊብረሪዬ የእንግሊዝኛውን ላይብረሪ ቢመስልም መጻሕፍት መሸጫ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ቢብሊዮቴከ ይባላል። ማጋዚንም ሱቅ እንጂ መጽሔት አይደለም። እነዚህ አንድ ጊዜ ካሳሳቱ በኋላ አይረሱም።

ይበልጥ የሚከብደው «ዩ» የተሰኘው ተውላጠ ስም ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም ይህን አንድ ቃል ሲያቀርብ፣ ሮማንኛ ለቅርብ ሰው ቱ፣ ለመካከለኛ አክብሮት ዱምኔያታ፣ ለሙሉ አክብሮት ዱምኔያቮአስትረ ይላል። የመጨረሻው ለአንድ ሰው ሲነገር እንኳ ግሡን በብዙ ቁጥር ያስኬዳል፤ «እርስዎ ይሄዳሉ» ለሚል ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። ዝርዝሩ ከ«ዩ» ትይዩ ቱን ብቻ ካሰፈረ ግን፣ ያው ተናጋሪ በአገሩ ቋንቋ ፈጽሞ የማይደፍረውን በቡካሬስት አዛውንት ፊት ይደፍራል፤ ማንም ሳያርመው ሊቀርም ይችላል።

ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚዘጋጅ ዝርዝር ሦስተኛ፣ የአማርኛ ዓምድ ቢኖረው ይጠቅማል። ሁሉን ግን አይፈታም። ነገርን ማወቅ በሮማንኛ ሽቲ፣ ሰውን ማወቅ ኩኗሽቴ ነው፤ በዚህ ጊዜ አማርኛም እንደ እንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ አለው፣ ተማሪውም ልዩነቱን ከዓረፍተ ነገር ምሳሌ መማር ይኖርበታል።