በአንድ ቀን መንገድ አራት አየር፦ ከደሴ እስከ ሚሌ

ልጆቻችን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ሲከፍቱ ከሚያደናግሯቸው ነገሮች አንዱ የወቅቶች ስም ነው። አውሮፓ በረዶ የሚለብስበትን ወቅት መምህሩ «ክረምት» ብሎ ይተረጉምላቸዋል። ይሁንና የአውሮፓው ብርድ የሚበረታው በታኅሣሥና በጥር፣ እኛ በጠራ ሰማይ ሥር እህል በምንወቃበት ጊዜ ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ የሚጠነክረው እነርሱ ፀሐይ በሚሞቁበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። የእነርሱ ወቅት የሚለካው በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲሆን የእኛ ግን በዝናብ መምጣትና መቅረት ነው።

አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ3ኛውና በ15ኛው ዲግሪ መካከል፣ በሐሩር ክልል ውስጥ ትገኛለች። በመሆኑም ቀንና ሌሊታችን ብዙም አይበላለጥም። በደሴ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ነው። ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ በወቅቶች ሁሉ ሲዞር፣ እኛ ዘንድ የጾሙ ርዝመት ያን ያህል አይለዋወጥም። በእንግሊዝና በስዊድን የሚኖሩ ዘመዶቻችን ግን ወሩ በሰኔ ሲውልባቸው ከ18 ሰዓት በላይ ይጾማሉ።

ታዲያ በሐሩር ክልል የምንኖር ከሆነ የደሴ ሰው ጋቢ የሚደርበው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከደሴ ተነስቶ ወደ አፋር መውረድ ይበቃል።

ከጦሳ ግርጌ ወደ ቆላው

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው ውኃው ጣቱን ያደነዝዘዋል። ከከተማዋ በላይ ባሉት ከፍታዎች ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድርበት ጊዜም አለ። እዚያ የሚዘራው በአመዛኙ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው።

መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲያያዘው አየሩ ቀስ በቀስ ይለወጣል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። ይህ ወይና ደጋ ነው። በማሳው ላይ ጤፍና ማሽላ ይታያል፤ ተሳፋሪውም የደረበውን ማውለቅ ይጀምራል። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ቢኬድ ባቲ ይገኛል። ከፍታው 1,500 ሜትር ያህል ነው፤ የቆላው በር ልንለው እንችላለን። ከባቲ ወዲያ እርሻው እየሳሳ፣ ግራሩና ግመሉ እየበዛ ይሄድና ሚሌ ላይ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላል። እዚያ በረሃ ነው።

እኛም በዚህ መንገድ በተመላለስን ቁጥር የሚያስደንቀን የለውጡ ፍጥነት ነው። በሳይንሱ ሥሌት፣ በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከደሴ እስከ ሚሌ 2,000 ሜትር ስንወርድ የ12 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። አውሮፓዊው ይህን ያህል ለውጥ ለማየት ወራት መጠበቅ አለበት፤ እኛ ግን ጧት ተነስተን ከሰዓት በኋላ እንደርስበታለን።

የባቲን የሰኞ ገበያ ያቆመውም ይኸው የአየር ልዩነት ነው። ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ይመጣል። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙት አንዱ ዘንድ የሌለው ሌላው ዘንድ ስላለ ነው።

ዝናቡ ከየት ይመጣል?

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ዝናቧ ግን ከባሕር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት እርጥበቱን በዋነኛነት የሚያመጣው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደኖች በኩል የሚነሳው ነፋስ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው በልግ ደግሞ እርጥበቱ በብዛት ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ ይመጣል። ተራሮቻችን ደመናውን ወደ ላይ እየገፉ ያቀዘቅዙትና ዝናቡን ያወርዱታል። ስለዚህም የክረምቱ ነፋስ ወደ አፋር ሜዳ ሲወርድ እርጥበቱ ተሟጦ ነው። አፋሩ የሚጠቀምበት የአዋሽ ወንዝ ውኃ በአመዛኙ ደጋ ላይ የዘነበ ነው፤ ወንዙም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

የተረሳው በልግ

ውድ አንባቢያን! ይህን ሁሉ ያነሳነው ለጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ «ዝናቡ ደህና ነው» ሲል ክረምቱን ማለቱ ነው። በአገር ደረጃ ከሚመረተው እህል የበልጉ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ መጥፋቱ ከከተማ ሆኖ አይታወቅም። በወሎ ከፍተኛ ደጋዎች ግን ክረምቱ ብርድና ጭጋግ ነው፤ መሬቱ ውኃ ይቋጥራል፤ ዘግይቶ የደረሰውን ሰብል ደግሞ የጥቅምት ውርጭ ይመታዋል። በመሆኑም ብዙው ደገኛ ኑሮውን የጣለው በየካቲት ዘርቶ በሰኔና በሐምሌ በሚያጭደው የበልግ ገብስ ላይ ነው።

ቆለኛውም ቢሆን ከበልግ ነፃ አይደለም። ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈልገው ማሽላ በሚያዝያ ዝናብ ካልተዘራ ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ሌላ ዘር ለመዞር ይገደዳል። ክረምቱ ኋላ ቢያምርም ያ ማሽላ አይመለስም። አፋሮችም የክረምቱን ዝናብ ካርማ፣ የመጋቢትና የሚያዝያውን ሱጉም ይሉታል። ሱጉም ሲቀር ከብቶቻቸው የሐጋዩን ሐሩር የሚሻገሩበት ሣር አያገኙም። ስለዚህ አንድ በልግ ሲቀር ደገኛው፣ ቆለኛውና አርብቶ አደሩ በየራሳቸው መንገድ ይጎዳሉ።

በ2007 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በመጀመሪያ በልጉ ቀረ። ቀጥሎም ኤልኒኖ በተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ሳቢያ ክረምቱ ከሸፈ። በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ወገኖች ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ወቅት ደግሞ ከሁላችንም የተለየ ነው። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉባቸው፣ በመሀል አገር ክረምቱ ጥሎ ያወቀ ሰው ችግሩን ከዜና ነበር የሚሰማው።

እንግዲህ ወላጆችና ወጣቶች ሆይ! ወደ አገር ቤት ስትደውሉ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ደገኛውን ዘመዳችሁን በመጋቢት «በልጉ ያዘ ወይ?» በሉት። ቆለኛውን በሚያዝያ «ማሽላው ተዘራ?» ብላችሁ ጠይቁት። አፋሩን ወዳጃችሁን ስለ ሱጉም፣ ቦረናውን ስለ ጥቅምቱ ዝናብ ጠይቁ። በልጉ ለቀረበት ቤተሰብ የሚላክ ሰደቃም ኅዳር እስኪደርስ የሚቆይ መሆን የለበትም፤ የሚያስፈልገው ጎተራው በተራቆተበት በግንቦትና በሰኔ ነው።