ከቃጠሎ በኋላ በስሜን ተራራ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ያለው አገር ግን ሽቅብ በመውጣትና ቁልቁል በመውረድ እንጂ በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም። መንገደኛው በገብስ ማሳ መካከል ሲያዘግም ቆይቶ ድንገት ምድሪቱ ታልቅበታለች፤ ከእግሩ በታች ገደሉን፣ ከገደሉም ወዲያ አምባ በአምባ ላይ ተደራርቦ ያያል። ስሜን ማለት ይህ ነው። ከአምባዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ራስ ዳሸን ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ወደዚህ አገር የሄድሁት በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. ለአንድ ዘመዳችን ተዝካር ነበር። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን ተርፎኝ ስለ ነበር፣ በዚያው ዓመት ዋዜማ የተቃጠለውን ተራራ ለማየት ወደ ላይ ወጣሁ።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ እሳቱ የተነሣው በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት ነው። ወቅቱ ሣሩ ደርቆ እንደ ክብሪት የሚሆንበት፣ ነፋሱም ከገደል ወደ ላይ የሚነፍስበት ነበር። አንድ ጊዜ ጠፋ ሲባል እንደ ገና እየተነሣ እስከ ሚያዝያ ቈየ። የአገሩ ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ቅጠል እየቈረጠ ነበልባሉን ሲደበድብና አፈር ሲያለብስ ሰነበተ። ሰው ሊደርስበት በማይችለው ገደል ላይ ግን ጉልበት ብቻውን ምን ያደርጋል? ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጥተው አገዙ። እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ ጓሳና አስታ የለበሰ የብዙ መቶ ሄክታር መሬት ዐመድ ሆነ።

ይህ ተራራ ስለምን ይህን ያህል ያሳስባል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ቍጥሩ ወደ 150 ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ነበር ይነገራል። ሥፍራው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ታወጀ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ተጻፈ፤ ከዚያ ተራ የወጣውም በ2017 ነው። ከዚያ መዝገብ በወጣ በሁለተኛው ዓመት እሳት መጣበት ማለት ነው።

መንገድ የመራኝ በፓርኩ ጥበቃ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከተቃጠለው ተረተር ስንደርስ ልቤ ተሰበረ። የአስታው ግንድ ጠቍሮ፣ ቅርንጫፉ እንደ ደረቀ አጥንት ቆሟል። «አባቴ፣ ይህ ሁሉ ሞቶ የለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ጐንበስ ብለው የአንዱን ግንድ ሥር በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉና፣ «መምህር፣ ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ እሳቱ ልብሱን ነው እንጂ ልቡን አልበላውም» አሉኝ። በእርግጥም ከመሬቱ ልክ ላይ፣ ከወፍራሙ ጕቶ ዙሪያ፣ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ቀንበጥ ወጥቷል። አስታ ከላይ ቢቃጠልም ከጕቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ነው። የጓሳውም ሣር ሥሩ በአፈር ውስጥ ተደብቆ ስለሚተርፍ፣ የክረምቱን ዝናብ ሲያገኝ ለምልሟል።

ጅብራ ግን እንዲህ አይደለም። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። ሳያብብ የተቃጠለ ጅብራ ስለዚህ ያለ ዘር የሞተ ነው። በእርሱ ቦታ ሌላ ጅብራ እስኪቆም አንድ ሕፃን አድጎ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል።

እንስሳቱስ? ዋልያና ጭላዳ ገደል መጠጊያቸው ስለ ሆነ ብዙዎቹ ከነበልባሉ ሊያመልጡ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ከእሳቱ በኋላ ነው። ጭላዳ ምግቡ ከሞላ ጐደል ሣር ብቻ ነው፤ ሣሩ ሲቃጠልበት ወደ ገበሬው ገብስ ይወርዳል፤ ገበሬውም ድንጋይና ወንጭፍ ይዞ ይወጣል። አይጥ በጕድጓዱ ውስጥ ከእሳቱ ቢድንም መሸሸጊያውና መብሉ ዐመድ ሆኗል፤ አይጥ ሲጠፋ ደግሞ በአይጥ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ይራባል። የአንዱ ጕዳት ወደ ሌላው የሚተላለፈው እንደዚህ ነው።

ከተረተሩ ስንመለስ በለመለመው ቃጠሎ ጠርዝ ላይ አንዲት አሮጊት ስድስት በጎች ሲያግዱ አገኘናቸው። ከከተማ የመጣ አስተማሪ ልማዱ ነውና ዝም ማለት አልቻልሁም። «እማማ፣ ይህ ሣር ገና ሥር እየያዘ ነው፤ በግ ከሥሩ ነጭቶ ይበላዋል፤ አፈሩም በሚመጣው ክረምት በጎርፍ ይሄዳል። ለዋልያው ቢተዉለት ምናለ?» አልሁ። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «የኔታ፣ እርስዎ ደመወዝዎ በወር በወር ይመጣል። የእኔ ደመወዝ ይህ ሣር ነው። ባሌ ሞቷል። የቀረው ግጦሽ ሁሉ ሰው የረገጠው ነው። ዋልያው ይኑር፤ እኔስ በምን ልኑር?» ሲሉ መለሱልኝ።

አፌን ያዝሁ። በተዝካሩ ላይ የበላሁት ምናልባት ከእኒህ ሴት በጎች የአንዱ ሥጋ እንደ ሆነ ትዝ አለኝ። ሽማግሌው ጥበቃም አንዳች አልተናገሩም።

በማግሥቱ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ፣ ከጥዱ ሥር ተቀመጡ። የቃጠሎው መሬት ነገር ተነሣ። አንዱ «ይዘጋ» አለ፤ ሌላው «ድኻው የት ይሂድ?» አለ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የተስማሙበት ይህ ነበር፦ የተቃጠለው ተረተር ሁለት ክረምት እስኪያልፍ ድረስ ከብት አይገባበትም፤ በምትኩ ካልተቃጠለው ቦታ በተወሰነ ቀን ሣር እየታጨደ ለየቤቱ ይከፈላል፤ አጭዶ መሸከም ለማይችል አረጋዊና ለባልቴት የመንደሩ ጐረምሶች በተራ ያደርሳሉ። አሮጊቷ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «የሚያደርሱ ከሆነ በጎቼን ከቤት አስራለሁ» አሉ። ቃላቸው አጭር ነበረች፤ ጉባኤውን ያጸናችው ግን እርሷ ናት።

ይህ ዐይነቱ ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመንዝ የጓሳ አምባ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ያቈየው ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ በሽማግሌዎች ፈቃድ ከፍቶ ለቤቱ ክዳንና ለከብቱ መኖ ያጭደዋል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም፣ ሕዝቡ ኋላ በአዲስ መልክ መልሶታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስካሁን በዚያ አሉ። ጓሳውን ያቈየው ሁሉም የየድርሻውን እንደሚያገኝ ማወቁ ነው።

እንግዲህ ተራራው ከተቃጠለ በኋላ መንደር ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነው። የጠቈረውን የአስታ ጕቶ ለማገዶ አለመንቀል ነው፤ የነገው ደን ያለው በእርሱ ውስጥ ነውና። በተራቈተው ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ደርድሮ አፈሩን ከጎርፍ መያዝ ነው። ጭላዳ ወደ ገብስ ሲወርድ ሳይገድሉ በተራ መጠበቅ ነው። የመንደሩን ውሻ ማሰርና ማስከተብ ነው፤ የውሻ ዕብደት ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋልና፣ በረኃብ የደከመውን የቀበሮ መንጋ አንድ የታመመ ውሻ ሊጨርሰው ይችላል። ከሁሉም በፊት ማር ለመቍረጥ ያጤሱትን ጭስ፣ ከሰል ያከሰሉበትን ጕድጓድ፣ እረኛ የሞቀውን እሳት አፈር አልብሶ መሄድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስሜንን አላየሁትም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ ጦሩም እስከ ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። በበቅሎ ኪራይና እንግዳ በመምራት ይኖር የነበረው ሰው ኑሮው ተናጋ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ደግሞ የተዘጋ ሣር ዘግቶ ማቈየት ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም.፣ ሽማግሌው ጥበቃ በስልክ አግኝተውኝ ነበር። አስታው ከጕልበት በታች ደርሷል አሉኝ። የአሮጊቷንም ነገር ጠየቅኋቸው። «ሣሩን ያደርሱላቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጐረምሳ ተራውን ቢረሳ፣ እርሳቸው ከነበትራቸው ከቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄደው አስታወሱት» ብለው ሣቁ።

እኔም ሣቅሁ። ነገር ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብሁ። ዋልያውን ከረኃብ ያዳነው የእኔ ምክር አልነበረም፤ ያ ጐረምሳ ተሸክሞት የሚሄደው አንድ እቅፍ ሣር ነው። አንባቢ ሆይ፣ በየአገራችን ደን ሲቃጠል ሰምተን እናዝናለን፤ ማዘናችንም መልካም ነው። «ይህ መሬት ይዘጋ» ከማለታችን አስቀድመን ግን በዚያ መሬት ጫፍ በጎቿን ይዛ የቆመችው ሴት ዛሬ ማታ ምን ታበላለች ብለን እንጠይቅ። የእርሷን በጎች ያሰበ መንደር ዋልያውንም ያቈየዋል።