«ያልፋል» ያልኳት

እህቴን ያረስኳት እኔ ነኝ። እናታችን ቪዛ ስላልቀናት አራሷ በእኔ እጅ ወደቀች፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቷ ገብቼ ገንፎውንም አጥሚቱንም ያዝኩ። ጥፋቱም የእኔው ነው።

እህቴ ኤምኤስ፣ ማለትም መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ አለባት። የሰውነት መከላከያ በገዛ ነርቭ ልባስ ላይ የሚነሣበት በሽታ ነው። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ግን እንደዚያ በርትታ አይቻት አላውቅም። ደረጃውን ያለ ድጋፍ ትወጣዋለች። እኔ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩት ሰመረ ብዬ እልል አልኩ። እሷ ግን ሐኪሟ የነገራትን ትደግምልኝ ነበር፦ እርግዝና በሽታውን ጋብ ያደርገዋል፤ የሚያሰጋው ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በ12 የአውሮፓ አገሮች 254 ሴቶችን ተከታትሎ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ያገኘው ይህንኑ ነው፤ በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ማገርሸቱ በጣም ይቀንሳል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ወራት ይብሳል። እኔ ግን «ሟርት አታውሪ» ብዬ አፏን አስያዝኳት።

የወለደችው በሐምሌ ነበር። ብርድ እንዳይመታት ኤሲውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ራሷን ሸፋፍኜ ትኩስ አጥሚት አስጎነጨኋት። ከቀትር በኋላ ዓይኔ ደበዘዘብኝ አለች። ሐኪሟ በስልክ ሙቀቱ እንደሆነ ነገራት፤ የተጎዳ ነርቭ ሰውነት ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፉ ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ኤሲው ተከፈተ፣ ዓይኗም ጠራ። እኔም ከዚያ ወዲህ በሽታውን ያወቅኩት መሰለኝ።

አንድ ጠዋት የልጁን ዳይፐር ስትቀይር ጣቶቿ ማጣበቂያውን መቆንጠጥ አቃታቸው። ደጋግማ ሞክራ በመጨረሻ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ሳበችው። «እቴቴ፣ እጄ የኔ አይመስለኝም» አለችኝ። ኤሲውን ጨመር አደረግሁና «ያልፋል፣ ሙቀቱ ነው» አልኳት።

አላለፈም። በሙቀት የመጣ ምልክት ሰውነት ሲበርድ ይለቃል፤ ከ24 ሰዓት የዘለለ አዲስ ድንዛዜ ግን ለሐኪም መነገር አለበት። ይህንን እሷ ታውቀው ነበር። ልትደውል ስትነሣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ስቴሮይድ ሰጥተው ጡት ያስጥሏታል ብዬ ፈራሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። እነዚያን ቀናት ልጁን እንዳትጥለው ፈርታ ወለል ላይ ተቀምጣ ታጠባው ነበር። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ የመጡ ሰዎች ፊት «አራስ ሆነሽ ምን መሬት ላይ ያስጎልትሻል!» ብዬ ተቆጣኋት። ዝም አለች። ለእንግዶቹ ቡና ማፍላቴን ቀጠልኩ።

የደወለችው እኔ ገበያ በወጣሁበት ነው። ስቴሮይዱን በደም ሥር ሰጧት፤ ከእያንዳንዱ መጠን በኋላ ለጥቂት ሰዓት ጠብቂና አጥቢ አሏት፣ አጠባችም። ጡት የሚያስጥል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ጡት ብቻ ማጥባት የማገርሸቱን ዕድል ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

በኋላ ሐኪሟን ራሴ ጠየቅሁት፤ መዘግየቱ ጎድቷት ይሆን? ስቴሮይድ ማገገምን ያፋጥናል እንጂ የመጨረሻውን ውጤት እምብዛም አይለውጥም አለኝ። እንድጽናና ነው የነገረኝ። ግን የዘገየው ማገገም የዋለው በልጇ የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ነው፤ እጁን ጨብጣ ልስላሴው ሊሰማት በሚገባ ጊዜ።

እጇ ቀስ በቀስ ተመልሷል፣ ሁለት ጣቶቿ ግን አሁንም ይደነዝዛሉ። ስለ መስኮቱ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሳቀችብኝ፣ «ያገራችን ወግ ነው፣ ምን ታደርጊ» አለችኝ። በእንግዶቹ ፊት ስለተናገርኳት፣ ስልኩንም ስላስቀረሁባት እስካሁን አንስቼላት አላውቅም። እሷም አላነሣችብኝም።