በሶና ቤሶ

ስፓኒሽ የጀመረ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያስፈነድቀው ከአማርኛ ጋር የሚገጥም ቃል ማግኘት ነው። ደግሞ ሞልቷል፤ «ቤሶ» መሳም፣ «ቴላ» ጨርቅ፣ «ካሳ» ቤት ነው። በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ የገብስ አገር ያደገ ሰው በሶውንና ጠላውን ከስፔን መዝገበ ቃላት ያገኘ ሲመስለው ዝምድና ለማወጅ ይቸኩላል። ያስቃል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ሦስቱም የስፓኒሽ ቃላት የወረዱት ከላቲን ነው፣ ላቲን ደግሞ ለበሶ ገብስ አልቆላም። የቃል ዝምድና በጆሮ አይረጋገጥም፤ የሚረጋገጠው በመንገድ ነው። ማን፣ ከየት ተነሥቶ፣ ምን ጭኖ አመጣው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሚዛን እውነተኞቹ ዘመዶች አብዛኛውን ጊዜ ለጆሮ የራቁት ይሆናሉ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በተማሩበት በኩባ አነጋገር ትራስ «አልሞአዳ» ይባላል፤ የእኛ መከዳ ወንድም ነው። ዕቃ ማከማቻው «አልማሴን» ነው፤ የመጋዘን ዘመድ። ስኒው «ታሳ» ይባላል፤ እኛ ጣሳ ብለን ጠላ እንጠጣበታለን። ሁሉም ከዐረብኛ የተቀዱ ናቸው። ዐረብኛ ስፔን የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ711 ሲሆን፣ ግራናዳ በ1492 እስክትያዝ ድረስ እዚያው ሲነገር ኖሯል። ስፔናውያን ብዙውን ቃል ከነመነሻ «አል» ወሰዱት፤ እኛ ዘንድ «አል»ን አውልቆ ገባ። ለሰሜን ሸዋ አንዱ በር ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኘው አልዩ አምባ ናት፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። ዐረብኛ ሁሉ በእሷ ገባ ማለቴ አይደለም። ምጽዋም በር ነበረች፤ መጋዘንማ በጣሊያንኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው የሚመስለው፣ ጣሊያኖቹም ያው ከዐረብ ተበድረውት።

«ዘይት ከግእዝ መጽሐፍ ጀምሮ የኛው ነው፤ ምን ነጋዴ አስፈለገው?» የሚል ይነሣል። እውነቱን ነው፤ ደብረ ዘይትን ለማክበር የታጁራን ግመል የጠበቀ የለም። ስፔናውያን ግን «አሴይቴ» የሚሉት ከዐረብኛው «አዝ ዘይት» ወስደው ነው። እኛ ከሴም ቤተሰብ ውስጥ ያገኘነውን እነሱ ከጎረቤት ተቀበሉት፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። ቃል ከጭነቱ ጋር የሚጓዝ ከሆነ፣ ድንች ለምን ስፔኖች እንደሚሉት «ፓታታ» አልሆነም? ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ልጅ ነው፤ ወደ አገራችን ያስገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድንች የሚባል አገር በቀል ሥራሥር ቀድሞ ነበር። እንግዳው ስሙን ቀማው፣ ባለቤቱም «የወላይታ ድንች» ተብሎ ቅጽል ተለጠፈበት። ቲማቲም ግን ስሙን የያዘበት ስላልነበረ ከሜክሲኮ «ቶማትል»፣ ከስፔን «ቶማቴ»፣ ከዐረብ «ጠማጢም» እየተባለ መጥቶ ወጣችን ውስጥ ገባ። ስለዚህ አባባሌን ላርመው፤ ቃል ከጭነቱ ጋር የሚራገፈው ቦታው ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ነው።

ለዚህ ከሪያል የተሻለ ምስክር አላውቅም። «ሬያል» በስፓኒሽ ንጉሣዊ ማለት ነው፤ የብር ገንዘባቸውም ስም ነበር። የስፔን ብር ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ዐረቦች ስሙን ወሰዱና ሪያል አሉት፤ ኋላም የኦስትሪያዋን የማሪያ ቴሬዛን ብር በዚሁ ስም ጠሩት። ያ ጠገራ ብር አንኮበር ድረስ ወጥቶ ከአሞሌ ጨው ጋር ሲመነዘር፣ ሪያል የሚለው ስም ግን ደጅ ቀረ፤ እኛ በማዕድኑ ስም ብር ብለነው ነበርና ቦታው ተይዟል። ስሙ ቤታችን ለመግባት የሳዑዲን ገንዘብ መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ ልጇ ጅዳ የምትሠራ የደብረ ብርሃን እናት «ሪያል ስንት ገባ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ስፓኒሽ ተናገርሽ የሚላት የለም እንጂ ተናግራለች።