ስለ ልጁ የሒሳብ ደብተር

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ገርጂ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ዕቃሽ ተጭኖ ወደ ቦሌ አራብሳ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብናል። አንድ ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበረ፤ በዕለቱ ሰው ሲወጣ ሲገባ አልተመቸኝምና ጻፍኩልሽ። ጉዳዩ የልጅሽ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው። እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነበር የሚሠራው። ከእንግዲህ ካንቺ ጋር ነው፤ አንቺ ደግሞ ያን ደብተር ስትከፍቺ ፊትሽ ይለዋወጣል።

ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሁለተኛ ደረጃ በገባሽበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ትምህርቱ በፕላዝማ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይሰጣል፣ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ገና እርሳስ ሳታነሱ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ቆይ አይሉት፣ ድገምልን አይሉት። ማታ ቤት ስትመጪ ደብተርሽ ግማሽ መስመር ተጽፎበት ይቀር ነበር። እዚያ ላይ ቸኩሎ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚያቆም አስተማሪ ሲጨመርበት፣ ልጅ ቁጥሩን ሳይሆን የሰውን ዓይን ይፈራል። አንቺም የፈራሽው ይህንኑ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ሒሳብ የማይገባት ሰው አንቺን አትመስልም። የኤርፖርት ሺፍትሽ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚወጣው፤ 14፡30 ሲል ስምንት ሰዓት ተኩል፣ 22፡00 ሲል ማታ አራት ሰዓት እያልሽ ስድስቱን ሳትጽፊ ስትቀንሺ ኖረሻል። ዕቁባችሁን ስትጽፊ ማን ስንት ዙር እንደቀረው በቃልሽ ነበር የምትይዢው። ይህን ሁሉ ግን ሒሳብ ብለሽ አትቆጥሪውም፤ ፈተና ስለሌለበት መሰለኝ።

ስለዚህ በልጁ ፊት «እኔም ሒሳብ ጠላቴ ነበር፣ በእኔ ወጥቶ ነው» አትበይ። ለማጽናናት ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። እሱ ግን የዓይኑን ቅርጽ ከአባቱ እንደወሰደ ሁሉ ይህንንም ካንቺ ወሰድኩ ብሎ ያርፋል፤ ካረፈ ደግሞ አይሞክርም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካኖች በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ልጆች ላይ ያደረጉት አንድ ጥናት አለ። ሒሳብ የሚፈሩ ወላጆች ያሏቸው ልጆች በዓመቱ ውስጥ ከእኩዮቻቸው ያነሰ ተምረው፣ ፍርሃቱም ብሶባቸው ተገኙ። የሚገርመው ይህ የታየው ወላጆቹ የቤት ሥራውን አዘውትረው ሲያግዙ ነው፤ ብዙም ያላገዙት ጋ አልታየም። እኔ ይህን ስሰማ አትርጂው ማለት ነው ብዬ አልወሰድኩትም። ከሌሊት ሺፍት ገብተሽ፣ ዓይንሽ እየተከደነ፣ «ይቺን እንዴት አታውቃትም!» እያልሽ አትርጂው ነው የምልሽ። ያን ቀን ባልሽ ይቀመጥ፤ እሱም ከሌለ ደብተሩ ላይ «ይህቺን አልቻልናትም» ብለሽ ለመምህሩ ጻፊ። ነውር የለውም። ደህና በሆንሽበት ቀን ደግሞ እርሳሱን ከእጁ አትንጠቂ፤ «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው አስረዳኝ» በይው፤ ትክክል ሲሠራም ጭምር ጠይቂው፣ አለዚያ ጥያቄሽን ከስህተት ጋር ያያይዘዋል።

ጎረቤቶችሽ አስጠኚ ቅጠሪ ማለታቸው አይቀርም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ከተባለ ወዲህ ወላጁ ሁሉ ደንግጧል፤ የዜሮ ክፍል ሕፃን የሚያስጠኑ አሉ! ሲያስፈልግ ትቀጥሪያለሽ፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን ገንዘብሽን ለታክሲና ለጤፍ አድርጊው።

ሒሳቡማ በቤታችሁ ሞልቷል። ያላችሁበት ቤት ራሱ 20/80 ነው። ሃያው ቅድሚያ የተከፈለ፣ ሰማንያው ለባንክ ቀስ እያለ የሚከፈል መሆኑን አንድ ሙሉ እንጀራ አምስት ቦታ ቆርሰሽ አሳዪው፤ አንዱ ቁራሽ የኛ፣ አራቱ ገና የባንክ። ማካፈል የጀመረ ጊዜ እኔ በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ያየሁትን ባሕረ ሐሳብ አሳይቼው ነበር፤ ቀላሏን ብቻ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምር፣ ለአራት አካፍል፣ ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግርሃል፦ አንድ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከሆነ ዮሐንስ። የዘንድሮውን 7518 አካፍሎ ሁለት ሲተርፈው «ማርቆስ!» ብሎ ጮኸ። የሚቀጥለው ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን በ2019 መጨረሻ ስድስት ቀን እንደምትሆንም ራሱ ደረሰበት። አንቺም አብረሽው ሥሪ። ስትሳሳቺ «ቆይ፣ እንደገና ልቁጠረው» ስትይ ይስማሽ፤ እኔ የአናጢነት ሥራዬን ሁሉ እንደዚያ ነው የሠራሁት።

ቅዳሜ ለማዕድ ቤቱ መደርደሪያ ልኬት እመጣለሁ። ሜትሩን ልጁ ይይዛል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። የግድግዳው ላዩና ታቹ እኩል አይመጣምና ሁለቱንም እንወስዳለን። በርበሬውን እናትሽ አዘጋጅታለች፤ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ፣ ባዶ ዕቃ እንዳትረሺ ብላለች።

አባትሽ