ከመሮጥ በፊት ወደ ላይ ማየት

የልጅ ልጄ በነርስነት ተመርቆ ደጋ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተመድቧል። ያደገው እዚሁ አርቦሬ፣ ወይጦ ወንዝ አጠገብ ሜዳ ላይ ነው። ሙቀቱንና ወባውን ያውቃል፤ ተራራ ሥር መኖርን ግን አያውቅም። ከስንቁ ጋር አንድ ምክር ልጨምርለት ፈለግሁ። ልጆቻችሁን ወደ ደጋ የምትልኩ ወላጆችም ብትሰሙት አይከፋም።

እኛ የቆላ ሰዎች ከደራሽ ጎርፍ የተማርነው ነገር አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ድንገት ይሞላል፤ ዝናቡ የጣለው ራስጌ ደጋው ላይ ነውና። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች ሲያልቁም ውሃው የመጣው ከላይ ነበር። አደጋው ካለንበት ሳይሆን ከበላያችን ይጀምራል።

ደጋ ላይ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይወርዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከእኛ ጋር በሚዋሰነው ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት እሪታውን ሰምቶ በእጁም በአካፋም ሊቆፍር ተሰበሰበ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የሄዱ ነበሩ። ከእነሱም መካከል መምህራንና የጤና ባለሙያዎች እንደነበሩበት በወቅቱ ተነግሯል። ይህን ስሰማ የሥራ ባልደረቦቼን ያጣሁ ያህል ተሰማኝ። እኛም የተማርነው እሪታ ሲሰማ መሮጥን ነውና።

በረዶ በሚከመርባቸው እንደ ስዊዘርላንድ ባሉ አገሮች የበረዶ ናዳ ብዙ ሰው ይገድላል። እዚያ በብርድ ወራት የናዳው ስጋት ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ እየተመዘነ ለሕዝብ ይነገራል። በበረዶ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይቀንሳል። እንዲህ እያለም ነፍስ አድን ሠራተኞቹ መጀመሪያ ወደ ላይ ያያሉ፤ ሌላ ሊወርድ የሚችል ካለ ዘለው አይገቡም። የሞተ ረዳት ማንንም አያወጣምና።

ስለዚህ ለልጁ ያልኩት ይህን ነው። ዝናቡ ቀናት ካስቆጠረ የገደሉን ራስጌ ተመልከት። መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ወይም አጥር ካዘመመ፣ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ፣ ትንንሽ ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ፣ ሰውን አስነሥተህ ከናዳው መንገድ ወደ ጎን ራቁ፤ ሸለቆውን ተከትላችሁ ቁልቁል አትሽሹ። ናዳ ከወረደ በኋላ አንድ ሰው ቁልቁለቱን ብቻ የሚጠብቅ ይሁን፤ ሲጮህ ሁሉም የሚሸሽበት አቅጣጫ አስቀድሞ ይታወቅ። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፤ ሕፃናትና ተመልካች ከሩቅ ይቁሙ። የተገኘ ሰው ፊቱ ቀድሞ ይውጣ፤ አፉና አፍንጫው ከጭቃ ይጽዳ፤ ካልተነፈሰ እዚያው ትንፋሽ ይሰጠው።

«አያቴ፣ የሰው ልጅ እየጮኸ እንዴት ይቆማል?» አለኝ። ከባድ ነው፤ አልዋሸሁትም። እናት ልጇ ጭቃ ሥር እያለ ቁሚ ብትባል አትሰማም። ለዚህ ነው ነገሩ ቀድሞ መነገር ያለበት። በቡናው ሰዓት፣ በዕድር ስብሰባ፣ በትምህርት ቤት ማን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚቆፍር፣ ልጆቹ የት እንደሚሰበሰቡ ከክረምቱ በፊት ይወሰን። ቤታችሁ ወይም የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ገደል ሥር ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ዝናብ በሌለበት ቀን ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ራስጌው ወጥታችሁ መሬቱን እዩት።