ሁለት ዳዶ

ካምቢዮ ድንገት አይሞትም። «ድንገት ሞተብኝ» የሚል ባለመኪና ካጋጠማችሁ፣ ወይ መኪናውን ትናንት የገዛ ነው፣ ወይ እንደ እኔ ሲነገረው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ። የእኔ ኮሮላ ስትነግረኝ ከርማለች። ጠዋት ማርሹን ከፒ ወደ ዲ ሳወርደው ቶሎ አትይዝም፤ ትንሽ ትቆይና ከኋላው እንደተገፋ ሰው ደንገጥ ብላ ትነሳለች። ዳገት ላይ ሞተሯ ይጮኻል፣ ፍጥነቷ ግን ንቅንቅ አይልም። እኔ ደግሞ «ብርዱ ነው፣ ስትሞቅ ይተዋታል» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ስትሞቅ ይተዋትም ነበር። ያሳሳተኝ ይኼው ነው።

ካዛንቺስ አካባቢ አውቶማቲክ ካምቢዮ ደፍረው የሚፈቱ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። የሄድኩት ለፍሬን ሸራ ነው። እሳቸው ግን መኪናዋ ግቢ ስትገባ ድምጿን ሰምተው ኖሮ ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ሞተሩን ሳያጠፉ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አንድ በአንድ አዳርሰው ወደ ፒ መለሱና የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዙ። ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ አሳረፉ። ጤነኛ ዘይት ቀይ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሰፋ ብሎ ይሰርጋል። የእኔው ቡናማ ነበር፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ቀርቶ ዳር ዳሩ ብቻ ረጠበ። ሶፍቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት፤ አርሯል። «ልጄ፣ ዲስኩ መበላት ጀምሯል። ግን ገና ነው፣ ይድናል» አሉኝ።

ከዚያ ከካርቡራተሩ አጠገብ ተነስቶ ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ገመድ አሳዩኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራች ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ናት፤ ማርሽ ቀይሪ የሚላት ኮምፒውተር የላትም። ነዳጅ ምን ያህል እንደተረገጠ ለካምቢዮው የሚነግረው ያ ገመድ ነው። ገመዱ ሲላላ ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ተጣብቀው መያዝ ያለባቸው ዲስኮች ይንሸራተታሉ፤ በመንሸራተቱ የሚፈጠረው ሙቀት ዘይቱን ያሳርረዋል፣ ያረረ ዘይት ደግሞ ዲስኩን ይበላል። የሆነ ጊዜ ካርቡራተሩን የፈታ ሰው መልሶ ሲገጥም አላልቶት ይሆናል። ማስተካከያው ሁለት ዳዶ ነው፤ አንዱን ማላላት፣ ገመዱን መሳብ፣ ሁለቱንም ማጥበቅ።

«አሁን ግማሽ ሰዓት ስጠኝና ገመዱን ላስተካክል፤ ለዘይቱ ቅዳሜ ትመለሳለህ» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት አልነበረኝም። ቀለም ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። «ቅዳሜ ሁሉንም አንድ ላይ ይሠሩልኛል ጋሼ» ብያቸው ወጣሁ። መኪናዋ ሙሉ ቅቢ ተቀባች፣ ቸርኬም ተለወጠላት። አሁን ሳስበው ቆሽቴ ያራል፤ ገንዘብ አልቸገረኝም፣ ምክር አላጣሁም፣ በሽታውም ተገኝቷል።

ቅዳሜ የሚሠሩትን ሁሉ ነግረውኝ ነበር። ዘይቱ ሲፈስ ከግማሽ የማይተናነሰው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀይሮ፣ ጥቂት ነድቶ፣ ደግሞ መቀየር። ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ፈትቶ ፊልትሮውንና ማግኔቶቹን ማጽዳት፤ ማግኔቱ ላይ ያለው ግራጫ ጭቃ ከሆነ ያለ ነው፣ ስብርባሪ ከሆነ ነገር ተበላሽቷል። በዚህ ካምቢዮ ደግሞ ዲፈረንሻሉ የራሱ ማፍሰሻ ያለው ለብቻው የሚቀየር ዘይት አለው፤ ብዙ ጋራዥ የሚረሳው ይህን ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ የቀለሙን ሂሳብ አይጠጋም ነበር።

ቅዳሜው ሌላ ቅዳሜ ወለደ። ሻይ ቤት ያሉ ጓደኞቼም መሸሸጊያ ሰጡኝ፤ «አውቶማቲክ ካምቢዮ አይነካም፣ ዘይቱን የቀየርክ ዕለት ያበቃለታል» የሚሏት ነገር አለች። ግማሽ እውነት ነች። ዲስኩ ካለቀ በኋላ አዲስ ዘይት አያስነሳውም፤ ባለመኪናው ግን ለዓመታት ያለመቀየሩን ረስቶ በዚያ ቀን ዘይት ያመካኛል። የእኔው ገና አላለቀም ነበር። ይህንን ከሳቸው አፍ ሰምቼ የሻይ ቤቱን ወሬ የመረጥኩት ስለሚመቸኝ ነው። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ጋራዡም አብሮ ፈረሰ። ስሄድ አጥር ብቻ ነበር፤ ሰውየው ጠቅልለው አገራቸው ገብተዋል አሉኝ።

ከኮምቦልቻ ስመለስ ነው ያለቀላት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያወጣውን ዳገት ለሚያውቅ ምንም ማብራራት አያስፈልገኝም፤ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭኛለሁ። ጣርማበር ሳንደርስ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ቆመች። ዲም ቢሉት ኤልም ቢሉት ዜሮ ላይ እንዳለች ናት። ይባስ ብዬ ደግሞ ለአንድ አይሱዙ አሳስሬ እስከ ደብረ ብርሃን በገመድ አስጎተትኳት። የፊት ጎማ የሚነዳት አውቶማቲክ ሞተሯ ጠፍቶ ፊቷ መሬት ነክቶ ስትጎተት የዘይት ፓምፑ አይሠራም፤ ውስጡ በደረቁ ይፈጫል። ከዳገቱ የተረፈ ነገር ከነበረ እሱንም መንገድ ላይ ጨረስኩት። ሲፈታ ከዘይቱ ጋር የወጣው የብረት ብናኝ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቅ ነበር።

ሶማሌ ተራ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ አይጠፋም። ግን የማን እንደነበር፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ በገመድ ተጎትቶ ይሁን አይሁን የሚነግርህ የለም፤ ዋስትናው የሻጩ መሐላ ነው። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ንብረት ይዟል። ኮሮላዬ እየሄደች ብትሆን ኖሮ ዛሬ ከገዛሁባት አብልጣ ታወጣ ነበር። ደላላው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ቸርኬውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። «ሊብሬዋ ንጹሕ ከሆነ እንነጋገራለን፤ ካምቢዮዋን እንደሌለ ቁጠረው» አለና ዋጋ ጠራልኝ። ለቀለሙና ለቸርኬው ካወጣሁት ብዙም አይበልጥም።